አሥራ ዘጠነኛው ካሴት

የማጫወቻውን ፔዳል በተረከዟ ረግጣ አራተኛውን ካሴት ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ኋላ መለሰችው። ማዳመጫውን በሁለት እጇ ከጆሮዋ ጋር አጣብቃ ዐይኗን ጨፈነች። የገጣሚው ሻካራ ድምፅ መጣ።

«አባቴ እጁ ወርቅ ነበር፣ የነካው ሁሉ ያበራል።»

ወንበር ሲጢጥ አለ። ሰውየው ተነፈሰ። ከዚያ ከሩቅ ክፍል የመጣች የምትመስል፣ ግን ልክ ጆሮዋ ሥር የተነገረች የሴት ድምፅ፦

«ውሸት።»

እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች። ክፍሉ ጭር አለ። ከግድግዳው ወዲያ የወረቀት መቁረጫው ማሽን ይንጓጓል፤ መስኮቱ ላይ የጠዋት ፀሐይ አለ። የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። ሆኖም ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር አንድ በአንድ ሲቆም ታወቃት።

በመሥሪያ ቤቱ «ጆሮ» ነው የሚሏት። እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት ደመወዝ ከፋዩና ባሏ ብቻ ናቸው እየተባለ ይቀለድባታል። ሃያ ሁለት ዓመት በፍርድ ቤት የምስክሮችን ቃል ከካሴት ወደ ወረቀት ስትገለብጥ ኖራ ወደዚህ አሳታሚ ድርጅት ከመጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሰው ሲናገር ከንግግሩ ጀርባ ያለውን ሁሉ ትሰማለች፦ ጉንፋን ይዞት እንደሆነ፣ መስኮቱ ተከፍቶ እንደሆነ፣ ቆሞ ይሁን ተቀምጦ። አንድ ጊዜማ የአንድ ጠበቃን ክርክር ስትገለብጥ በቅንፍ «ከረሜላ እየመጠጡ» ብላ ጨምራበት ዳኛው ችሎት ላይ ሳቃቸው አምልጧቸዋል። ሌላ ሰው ቢሆን የቴፑ ችግር ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እሷ ግን የቴፕ ችግርንና የሰው ድምፅን ለይታ ታውቃለች።

ገጣሚው ከሞተ አራት ወሩ ነው። አገር ያወቀው ሰው ነበር፤ ግጥሞቹን ያልወደደ እንኳ አንድ ሁለቱን በቃሉ ይዟል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ስኳር ዐይኑን ስለወሰደበት መጻፍ አልቻለም። ብቻውን በሚኖርበት ቤት አንድ አሮጌ ቴፕ አቅርቦ የመጨረሻ መጽሐፉን ለራሱ እየተናገረ ቀዳ። አሥራ ዘጠኝ ካሴት። ምግብ የምታበስልለት ሴት ጠዋት መጥታ እኩለ ቀን ሳይሞላ ትሄዳለች፤ ካሴቶቹ ላይ ደግሞ በገዛ አንደበቱ ቀኑን እየጠራ «ከሰዓት በኋላ» ይላል። ስለዚህ እቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ሊኖር አይችልም ነበር።

ጆሮ ፔዳሉን እንደገና ተጫነች።

«አባቴ እጁ ሰፊ ነበር፣ ሁላችንን ያቅፍ ነበር» አለ ገጣሚው፤ አሁን ቀስ ብሎ ነው።

«ውሸት።»

ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ድምፅ ዝቅ፣ ስብር አለ።

«አባቴ እጁ ከባድ ነበር። ሲመታኝም፣ ሲያቅፈኝም፣ ያው አንድ እጅ ነበር።»

ሴትየዋ ምንም አላለችም። ገጣሚው ሁለት ደቂቃ ያህል ጠበቀ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰና «እሺ» አለ፤ የሰውን ፈቃድ እንዳገኘ ሰው።

የጆሮ እጅ ኪቦርዱ ላይ እንደቀረ ቀረ። የገዛ አባቷ እጅ ትዝ ብሏት ነበር።

*

አሳታሚው አርባውን ያልዘለለ ሰው ነው። ድርጅቱን የወረሰው ከአባቱ ነው፤ ሥራውን ጆሮ ስትጽፍ አጠገቧ ቁጭ ብሎ እያየ ስለተማረ ዛሬም አለቃዋ መሆኑን አንዳንዴ ይረሳል። ወደ ክፍሏ ጠርታው ማዳመጫውን ሰጠችው። ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። መለሰችለት፤ እንደገና አዳመጠ።

«እትዬ ጆሮ፣ እኔ የሚሰማኝ ወንበር ነው» አለ።

«ከወንበሩ ቀጥሎ።»

«ከወንበሩ ቀጥሎ ምንም የለም። እንዲያው ሽሽሽ ይላል። አሮጌ ካሴት አይደል?»

«ሴት ናት። ‹ውሸት› ነው የምትለው። መስመር በተናገረ ቁጥር ነው። እሷ ዝም እስክትል ድረስ ይቀያይረዋል።»

ሳቅ አለና አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። በእጁ አንድ ክላሰር ይዟል። «እስቲ ይሄን ይዩት። የዩኒቨርሲቲው መምህር ለመጽሐፉ የጻፉት መቅድም ደርሷል። ‹ታላቅ ገጣሚ የሚያሰኘው ምንድን ነው?› ብለው ነው የሚጀምሩት። ያንብቡልኝ እስቲ፣ ሁለተኛዋን አንቀጽ።»

መነጽሯን አጥልቃ አነበበች። «ሌሎች ቃል ፍለጋ ሲዳክሩ፣ ለእርሱ ግን ግጥም እንደ ዝናብ ይወርድለት ነበር። ሰርዞ፣ ደልዞ አያውቅም። ታላቅነት ማለት ይህ ነው።» ቀና አለች። «አንተ፣ ይሄ ሰውዬ አንድ መስመር ሃያ ሰባት ጊዜ ነው የሚለው። ቆጥሬያለሁ።»

«ይሁና። አንባቢ ምን ቸገረው? ጥሩዋን መስመር ብቻ ይጻፉልኝ፤ ሃያ ስድስቱን ይተዋቸው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አይቀየሙኝና፣ ሐኪም ዘንድ ብቅ ቢሉ ጥሩ ነው። መጽሐፉ በሁለት ወር ውስጥ መውጣት አለበት። አሁን ድምፅ የሚገለብጥ ፕሮግራም መጥቷል፤ ልጆቹ ሲያወሩ እሰማለሁ። እኔ እርስዎን በማሽን መቀየር አልፈልግም።»

አልተቀየመችም። ፈራች እንጂ። በሃምሳ ስድስት ዓመቷ የሚያኖራት ያ ጆሮዋ ብቻ ነው፤ እሱ የሌለ ነገር መስማት ከጀመረ ምን ቀራት?

በማግስቱ ሄደች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ሣጥን በመሰለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ድምፅ በሰማች ቁጥር እጇን እንድታነሳ ነገረቻት። ከዚያ ወረቀቱን እያየች ከንፈሯን መጠጠች።

«ቀኝዎ እንደ ልጅ ጆሮ ነው፤ አይደንግጡ። ግራዎ ግን… ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«እንዴት የሆነው?»

«አይሰማም እኮ። ከሞላ ጎደል። ቀኝዎ ስለሚያካክስልዎ አላወቁትም።»

ከዚያ ቀጥታ ወደ ሥራ ተመለሰች። ሌሎቹ ለምሳ ወጥተው ቢሮው ባዶ ነበር። አራተኛውን ካሴት አስገብታ የማዳመጫውን ቀኝ ጎን ከጆሮዋ ላይ አሸሸችና በግራው ብቻ አዳመጠች። የገጣሚው ድምፅ አልመጣም። ወንበሩም፣ ሽሽሽታውም አልመጣም። ጥጥ የተወተፈበት ዝምታ ብቻ። እዚያ ዝምታ ውስጥ ግን፣ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው የሚናገር ይመስል ጥርት ብላ፦

«ውሸት።»

ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቦርሳዋን ይዛ ወጥታ፣ ሰዎቹ ከምሳ እስኪመለሱ ድረስ ደረጃው ላይ ፀሐይ እየሞቀች ተቀመጠች።

*

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ጨዋታ የሚወድ፣ እቤት ሲገባ ከበር ጀምሮ የሚያወራ ሰው። ያን ቀን አመሻሽ ላይ ጫማውን እያወለቀ የተሳፋሪዎቹን ጉድ ሲተርክላት ቆየና፣ ሳትጠይቀው «ዛሬ ደግሞ አንድ ሲጋራ ብቻ ነው ያጨስኩት» አላት።

«ውሸት» አለች።

«ሙች! አንድ!»

«ውሸት።»

ትክ ብሎ አያት። «አራት» አለ በመጨረሻ። «ምን ነካሽ? እንዲህ አይደለሽም እኮ። በስንት ዓመታችን ዛሬ ዐቃቤ ሕግ ሆንሽብኝ?»

ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ማሳቁን አሳቃት፤ ግን አንድ ነገር አስደንግጧት ነበር። ቃሉን ለማለት አላሰበችም። ከአፏ ሲወጣም የራሷን ድምፅ አይመስልም ነበር፤ እርጋታው የሷ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የጀመረችውን ካሴት እስከ መጨረሻው ሳትሰማ ከቢሮ አትወጣም ማለት ይቻላል፤ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ትገባለች፤ ማታ ሁሉም ከወጣ በኋላ ትወጣለች። መፍራቷ አልቀረም፤ ብቻ ፍርሃቱን ለመደችው። ሥርዓቱንም ለመደች። ሰውየው የሚያምር ነገር ይናገራል። ሴትየዋ ትቃወማለች። ሰውየው ይናደዳል፣ አንዳንዴም ይሳደባል፤ ከዚያ የሚያምረውን ጥሎ ሌላ ያነሳል። ስለ ጓደኛው ሞት በገጠመው ላይ «ልቤ ተሰበረ» ብሎ ጀምሮ፣ ከአሥራ አንድ «ውሸት» በኋላ «ቀብሩ ላይ ጫማዬ ጠቦኝ ነበር፤ ያሰብኩት እሱን ነው» የሚል መስመር ላይ ደረሰ። ያን ስትጽፍ ጆሮ አለቀሰች። ለምን እንዳለቀሰች ቢጠይቋት መናገር አትችልም።

አሥራ አንደኛው ካሴት ላይ ሴትየዋ አልነበረችም። ገጣሚው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰባት ግጥም ገጠመ፤ ቤት ይመታል፣ ቃሉ ይፈሳል፣ ያጌጣል። ጆሮ እየጻፈች አዛጋች። ካሴቱ ሊያልቅ ሲል ሰውየው ራሱ አቋረጠና ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሮ የሚናገር በሚመስል ድምፅ «ዛሬስ የለሽም እንዴ?» አለ። ጠበቀ። «እንግዲያው ይሄ ሁሉ ገለባ ነው» አለና ቴፑን ዘጋው።

*

አሥራ ዘጠነኛው ካሴት ላይ ያለው አንድ ግጥም ብቻ ነው። የሞተበት ሳምንት የተቀዳ ነው። ለሚስቱ ነው፤ ከስምንት ዓመት በፊት ለሞተችው ሚስቱ።

«እጅሽ በእጄ ነበር፣ ነፍስሽ ስትወጣ፤
አንድም ቃል አልወጣኝ፣ እንባም አልመጣ።
አንድ ትንፋሽ ነበር ለሁለት የያዝነው፤
ያንቺ ድርሻ አለቀ፣ የኔ ነው የቀረው።»

እንዲህ እያለ ሃያ አራት መስመር ይሄዳል። በዚህ ግጥም ላይ ሴትየዋ እንደ ሌላው ጊዜ መስመሩ እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ገና «እጅሽ በእጄ» ሲል «ውሸት» አለች። እንደገና ጀመረ፤ «ውሸት»። በአምስተኛው ላይ ሁለቱ ድምፆች ተደራረቡ፤ እሱ ሲናገር እሷም ከላዩ ላይ ትናገራለች። «ዝም በይ!» ብሎ ጮኸ ሰውየው፣ አንድ ነገር በጠረጴዛው ላይ እየመታ። «አንዴ እንኳ ተይኝ!» ከዚያ ግጥሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተወጣው። እሷም እስከ መጨረሻው ያቺኑ አንድ ቃል ደጋገመችው። ከዚያ ጸጥ አለ።

ጆሮ የጻፈችውን ለአሳታሚው ስትሰጠው ከወንበሩ ብድግ አለ። «ይሄ ነው!» አለ። «መጽሐፉን የሚዘጋው ይሄ ነው። ‹ያንቺ ድርሻ አለቀ፣ የኔ ነው የቀረው›! ትምህርት ቤት ገብቶ ልጆች በቃላቸው የሚይዙት ነገር እኮ ነው።»

ችግሩ በማግስቱ መጣ። አሳታሚው የኅትመቱን ፈቃድ እንድትፈርም ግጥሙን ለገጣሚው ወራሽ ለሴት ልጁ ልኮላት ኖሮ፣ ልጅቷ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ መጣች። አባቷን በአገጭዋና በቅንድቧ ትመስላለች። አልተቀመጠችም።

«አልፈርምም» አለች። «ያ ግጥም ባለበት መጽሐፍ ላይ አልፈርምም። መጽሐፉም ይቅር።»

አሳታሚው ወንበር ሳበላት። «እባክዎ። የአባትዎ የመጨረሻ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ፍቅር…»

«የምን ፍቅር? እናቴ ስትሞት አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። ብቻዬን። እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። እሱ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።» ፊቷ ቀላ። «በየመድረኩ፣ በየሬዲዮው ‹እጇን ይዤ ሸኘኋት› እያለ ሲያወራ ስምንት ዓመት ሰምቻለሁ። ሰው ሲያለቅስለት ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። አሁን ደግሞ በመጽሐፍ?»

ጥግ ላይ ወረቀት ይዛ ቆማ የነበረችው ጆሮ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቀረበቻት።

«ልጄ፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ክፍል ነይ» አለቻት። «የምታዳምጪው ነገር አለ።»

*

በሩን ዘጋችና አስቀመጠቻት። አስቀድማ ምንም አልነገረቻትም። አሥራ ዘጠነኛውን ካሴት ወደ መጀመሪያው መልሳ ማዳመጫውን ሰጠቻትና ፔዳሉን ተጫነች። የልጅቷን ፊት ታያለች። መጀመሪያ ግንባሯ ተኮሳትሮ ነበር። ከዚያ በድንገት እጇ ወደ አፏ ሄደ።

«አቁሚው… ያቁሙት።»

ጆሮ እግሯን አነሳች። «ሰማሽ?»

«እናቴ ናት።»

ጆሮ አንድ ወር ሙሉ ተጭኗት የነበረ ነገር ሲቃለላት፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ሌላ የከበደ ነገር ሲጫናት ተሰማት። አላበደችም። እንግዲያው ካሴቱ ላይ ያለችው…

«እናቴ እንዲህ ነበረች» አለች ልጅቷ፣ ዐይኗ ካሴቱ ላይ እንደተተከለ። «መጻፍ ማንበብ አትችልም ነበር። እሱ የጻፈውን ሁሉ መጀመሪያ ለሷ ያነብላታል፤ እሷ ልብስ እያጠፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ ‹ውሸት› ትለዋለች። አንዳንዴ ወረቀቱን ቀዶ ይወጣል። በሁለተኛው ቀን ግን ቀይሮ ይመጣል። ልጅ ሆኜ ሥራዋ ይሄ ይመስለኝ ነበር።» ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፤ መድኃኒት ቀማሚነቷ የተመለሰባት መሰለ። «እሱ እኮ ድምፅ ማስመሰል ይችላል። የሷን ድምፅ እያወጣ ያስቀን ነበር። ብቻውን ሲሆን የሷን ቦታም ራሱ ይዞ ይሆናል። አይደል?»

«እኔም እንዲያ ብዬ አስቤ ነበር» አለች ጆሮ። «ግን አዳምጪ። እዚህ ጋ ሁለቱም በአንድ ላይ ነው የሚናገሩት።»

አሰማቻት። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ምክንያት አልፈለገችም።

«ከዚህ ቀጥሎስ?» ብላ ብቻ ጠየቀች። «ካሴቱ አላለቀም እኮ። ገና ብዙ ክር ቀርቶታል።»

እውነቷን ነበር። ጆሮ ግጥሙ ሲያልቅ እሷም ማዳመጥ ማቆሟን አስታወሰች፤ በሥራ ዘመኗ ሁሉ አድርጋው የማታውቀውን ነው ያደረገችው። ማዳመጫውን በመካከላቸው አደረገችና ቀኝ ጎኑን ለልጅቷ፣ ግራውን፣ ሴትየዋ ብትናገር ብላ፣ ለራሷ አስጠግታ፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተነካክተው ተቀመጡ። ካሴቱ ዞረ። ልጅቷ የሚሰማትን በሹክሹክታ ትነግራታለች፤ «የግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል… ይተነፍሳል… አሁን ሳለ።» አሥር ደቂቃ አለፈ። ጆሮ ልትነሳ ስትል ልጅቷ ክንዷን ጭምድድ አድርጋ ያዘቻት።

ጆሮ ዘወር ብላ ቀኝ ጆሮዋን ወደ ልጅቷ ጎን አስጠጋች። ሰውየው እየተናገረ ነበር። የመድረኩ ድምፅ አልነበረም፤ ምራቁን መዋጥ ያቃተው የሽማግሌ ድምፅ ነው።

«በሩ ላይ ነበርኩ።»

ዝም። ማንም አልተቃወመውም።

«ጫማሽን ይዤ።»

ዝም።

«አልገባሁም።»

ልጅቷ ማዳመጫውን ለቀቀችና ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ጀርባዋ ብቻ ነው የሚታየው።

«ጫማዋን አምጣ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሐኪም ቤት ልንወስዳት፣ መኪና ቆሞ። ሄደ፤ ቀረ። እሷ አለቀች። ፈርቶ ወጥቶ የሄደ ነበር የመሰለኝ። ለካ ደርሶ ነበር። ለካ በሩ ሥር ቆሞ…» አፍንጫዋን በጋውኗ እጅጌ ጠረገች። «ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ክፍል ገብቶ አያውቅም። ስምንት ዓመት ሶፋ ላይ ነው የተኛው። ሲሞትም የምታበስልለት ሴት ያገኘችው የዚያ ክፍል በር ላይ ወድቆ ነው። በሩ ተከፍቶ። ምን ፈልጎ እንደሄደ አላወቅንም።»

ጆሮ ውኃ ቀዳችላት። ልጅቷ ጠጣች፣ ፊቷን በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችና ቦርሳዋን አነሳች።

«ይሄ ይታተም» አለች። «ሦስቱ መስመር። ያኛው ይውጣ። እንዲህ ከሆነ እፈርማለሁ።»

ስትወጣ በሩን ሳትዘጋው ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ጫማዋ ሲርቅ ይሰማል።

ካሴቱ ገና አላለቀም ነበር። ጆሮ ልታስጨርሰው ፔዳሉን ተጫነች፤ ማዳመጫው ደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ግራ ጎኑን ሳታስበው ወደ ጆሮዋ አነሳችው። በዚያ በማይሰማው ጆሮዋ፣ ያቺ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ቃል ተናገረች። ቁጣም፣ ልመናም የለበትም። ልብስ እያጠፈች ቀና ሳትል እንደምትናገር ሴት፦

«ግባ።»

ጆሮ በደመ ነፍስ ቀኙን ጎን ጫነችው። ወንበር ሲጢጥ አለ። ምርኩዝ ወለሉን ነካ፤ ራቀ፣ ራቀ። የበር እጀታ ዞረ። ከዚያ ካሴቱ ቀጭ ብሎ አለቀ።

*

አሳታሚው ከሰዓት በኋላ በሩን ቆረቆረ። «እትዬ ጆሮ፣ ልጅቷ ፈርማ ሄደች። ምን ቢያሰሟት ነው? ገጹ ደረሰ?»

«አንድ ደቂቃ ስጠኝ።»

ገጹ ፊቷ ነበር። ሦስቱን መስመር ጽፋ፣ ከታች አንድ መስመር ባዶ ትታ፣ «ግባ።» ብላ ጽፋበታለች። አራተኛዋ መስመር ገጹን ሌላ አድርጋዋለች። ያሞቃል። ያስለቅሳል። አሳታሚው ቢያየው እንደገና «ይሄ ነው!» እንደሚል ታውቃለች፤ መምህሩም መቅድማቸውን ቀደው እንደ አዲስ ይጀምሩ ነበር። ሐሰትም አይደለም፤ በጆሮዋ ሰምታዋለች፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የሰማችውን ሳትጽፍ ቀርታ አታውቅም።

ግን ሰውየው የተናገረው እስከ «አልገባሁም» ድረስ ነው። እዚያ ላይ ነው ያቆመው፤ ምሕረት ይመጣ አይመጣ ሳያውቅ። ያቺ ቃል ለሱ የተሰጠች ናት። ለመጽሐፍ የተሰጠች አይደለችም።

ግራ ጆሮዋን አዳመጠች። ማንም ምንም አላላትም።

አራተኛዋን መስመር አጠፋችና ገጹን አትማ ለአሳታሚው ሰጠችው። አነበበ፤ ገለበጠው፤ ጀርባውን አየ።

«ይሄ ብቻ?»

«ይሄ ብቻ።»

«አልገባሁም… እዚህ ላይ ያልቃል?»

«እዚህ ላይ ያልቃል።»

ቆሞ አንድ ጊዜ እንደገና አነበበውና በቀስታ በሩን ከኋላው ዘግቶ ወጣ።

ጆሮ ካሴቱን «አልገባሁም» እስከሚለው ድረስ ብቻ ወደ ኋላ መልሳ አቆመችው። ከዚያ ስልኩን አንስታ የመድኃኒት ቤቱን ቁጥር ደወለች።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለች። «ቸኩለሽ ነው የሄድሽው። ነይ፤ አንድ ቃል ቀርቶሻል።»